አበባ የተተከለባት ታንኳ

በባሊሮን መንደር ወንድ ሁለት ጊዜ ያገባል ይባላል፤ አንዴ በቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ በወንዙ ላይ። ላር ሄነብሪ የቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆንለት ቀረ። የወንዙን ግን ገና በጎረምሳነቱ ከሞሲ ፎስኪን ጋር አሰረ፤ እስከ ሽምግልናውም ጸና።

በዚያ ወንዝ ሳልመን የሚባለው ዓሣ የሚያዘው በሁለት ታንኳ ነው። መረቡ መሃል ይዘረጋል፤ ላር አንዱን ጫፍ፣ ሞሲ ሌላውን ይዘው ከውሃው ጋር ቁልቁል ይወርዳሉ። ዓሣው መረቡን ሲመታ የመረቡ ገመድ ጣት ላይ ይነዝራል። ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል ካልሳቡ ዓሣው አመለጠ ማለት ነው። መነጋገር ደግሞ ነውር ነው፤ ዓሣ ያስበረግጋል። ስለዚህ ላር ጓደኛውን የሚያውቀው ከአፉ ይልቅ በገመዱ ነበር። ሲከፋው ያውቃል፤ ጠጥቶ ሲያድርም ያውቃል። የሞሲን ታንኳ የሠራውም ላር ራሱ ነው። ሞሲ እግረ ረጅም ስለሆነ መቀመጫዋን ዝቅ አድርጎ፣ ጠብታ እንዳታስገባ ቅጥራን አጠጥቶ ነበር የሰጠው።

ድሮ ከድልድዩ ሥር የታንኳ መዓት ይታሰር ነበር። ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ ግማሹ ሰው ሥራ ፍለጋ ባሕሩን አቋርጦ ወደ ሊቨርፑል ተሻገረ፤ ሳልመኑ ሲሳሳ የቀረውም መረቡን ሰቀለ። መጨረሻ ላይ ላርና ሞሲ ብቻ ቀሩ። መንደሩን ሌላ ፍቅር ያዘው፤ የጽዱ መንደሮች ውድድር። አጥሩን የማይቀባ ሰው ጠፋ፤ የቆሻሻ ገንዳው እንኳ አረንጓዴ ተቀባ። የኮሚቴው አለቃ የሞሲ ልጅ ኦርላ ነበረች። ሣሩን ያላጨደ ጎረቤት ሰላምታዋን አያገኝም።

ክረምቱን ላር መረቡን ሲጠግን ከረመ። ሌላ የሚያስደስተው ነገር አልነበረውም።

«ዘንድሮም እንወርዳለን?» ብሎ ሞሲን ጠየቀው።

«ካልወረድንማ ወንዙ ራሱ ይፈልገናል!» አለው ሞሲ፣ ጥቁር ቢራውን እየጠጣ።

የማጥመጃው ወቅት በተከፈተ ቀን ላር በጠዋት ወንዝ ዳር ወርዶ ቢጠብቅ ሞሲ የለም። ሰውዬውን ምን ነካው ብሎ እየተጨነቀ ወደ ሞሲ ቤት ሲገሰግስ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ቀጥ አለ። የሞሲ ታንኳ ድንጋይ ላይ ተሰቅላለች። ሰማያዊ ተቀብታ፣ አፈር ተሞልታ፣ ቀይ አበባ ተተክሎባታል። ኦርላ ውሃ ታጠጣለች።

«አታምርም?» አለችው። «አባዬ ነው የሰጠን። የእርስዎንም እንደሚሰጡን ነግሮናል። በድልድዩ ወዲያኛው ጫፍ ስናቆማት ጥንድ ይሆናሉ።»

ላር ጎንበስ ብሎ የታንኳዋን ሆድ ዳሰሰ። ጣቱ ቀዳዳ ውስጥ ገባ።

«ማነው የበሳት?»

«አባዬ ነዋ! ውሃው ካልወረደ አበባው ይበሰብሳል።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሌላ ታንኳ የለም፣ መቅዘፍ የሚችል ሌላ ሰውም የለም፤ ላር ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ዓሣ አጥማጅ መሆኑ ቀረ። ያንንም የሰማው ከአበባ አጠጪ ነው።

ሞሲን መሸታ ቤት አገኘው።

«ምነው ሞሲ? በቁሜ ቀበርከኝ እኮ!»

«ጉልበቴ አልቋል፣ ላር።»

«አልቋል ማለት ነበር የከበደህ?»

«ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ሲያብብ?»

ጠጪዎቹ ሳቁ። ሞሲ ቀላ።

«ልጄ ለምናኝ እምቢ ልበል?»

«የእኔንስ ታንኳ ማን ፈቅዶልህ ነው ቃል የገባኸው?»

«ትስማማለህ ብዬ ነው» አለ ሞሲ ብርጭቆውን እያየ። «ሁሌም ትስማማ የለ?»

ላርን ያንገበገበው ይህ ነው፤ እውነት ነበራ። ዕድሜውን ሙሉ ገመዱ ሲሳብ ስቧል።

እሁድ መንደሩ ቅዳሴ ላይ ሳለ ላር መዶሻና ከጠንካራ እንጨት የጠረባቸው ሽብልቆች ይዞ ድልድዩ ዘንድ ሄደ። ከታንኳዋ ሥር ተጋድሞ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፤ ቅጥራን ቀባባቸው። የእሱ ሥራ ውሃ አያፈስም። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ዳኞቹ ሊመጡ ሲሉ አበባው በቁሙ ጠነባ። ኦርላ አፈሩን ረገመች፣ ችግኝ ሻጩን ረገመች። ሞሲ ግን እጁን ከታንኳዋ ሥር ሰደደ፤ ሽብልቁን ዳሰሰና የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀ። ድልድዩን ወደሚያየው የላር መስኮት ቀና አለ።

ላር ከመጋረጃው ኋላ አየው። ገመዱን ስቤያለሁ፤ አሁን እሱ ይስባል አለ በልቡ። ይምጣ፤ ይሳደብ፤ ቢፈልግ በሩን ይስበር። ማንቆርቆሪያውን ጥዶ ሁለት ኩባያ አወጣ።

ውሃው ሳይፈላ ከድልድዩ በኩል የመሰርሰሪያ ድምፅ ተሰማ። ሞሲ ቀዳዳዎቹን መልሶ እየበሳቸው ነበር።