ኩርባው የማይታይበት ቦታ

የእህቴ ልጅ ከጉኑኖ ሶዶ በሞተር ሰው እያመላለሰ ነው የሚተዳደረው። አምና ከሶዶ ወጣ ብሎ ባለው የኮረኮንች መንገድ ላይ በተዘጋጀ የሞተር ውድድር ሲመዘገብ እኔንና እናቱን ጠራን። ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ሳስተምር ስለሰነበትኩ በውድድሩ ቀን እግሬ ዝሎ ነበር። ጥላ ያለው ደግሞ መንገዱ የሚታጠፍበት ኩርባ ጋ ብቻ ነበር።

“እዚህ እንቀመጥ” አልኳት እህቴን።

“እዚህስ አይሆንም። ሞተሩ ሲያጋድል ማየት አልችልም። መጨረሻው ጋ እንሁንና ሲደርስ ብቻ ልየው።”

ታላቄ ናት፤ አልተከራከርኳትም። ፀሐይ ላይ ድንጋይ ፈልገን ተቀመጥን። ከኩርባው በኩል ጩኸት በተሰማ ቁጥር ክንዴን ጨበጥ ታደርገዋለች። እኔ ራሴን እያመመኝ፣ ተመልሰን በእግራችን የምንሄደውን መንገድ አስባለሁ።

ሞተሮቹ ተራ በተራ ገቡ። ሁሉንም አቧራ ስላለበሳቸው የእኛን ልጅ መለየት አልቻልንም። ከኋለኞቹ አንዱ ሄልሜቱን አውልቆ ሲስቅ ነው ያወቅነው።

“እማዬ፣ ኩርባው ላይ ሁለት ልጆች ስቀድም አየሽኝ?”

“አየሁህ እንጂ” አለችው፣ በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን እየጠረገች።

ወደ እኔም ዞሮ አየኝ። ጠጋ ብዬ ድንጋዩ ላይ ቦታ ለቀቅሁለት። ሦስታችንም ተቀመጥን፤ ለመነሳት የቸኮለ አልነበረም።