በሞሚና ስም የተቀበረችው እህቴ

ከኮምቦልቻ የተነሳሁት ሰኞ ማለዳ ነው። በሻንጣዬ ሁለት ሸሚዝ፣ ፓስፖርትና አንድ ሐኪም በእጁ ጽፎ የሰጠኝ የጥያቄ ወረቀት ይዣለሁ። ጦርነቱ ካርቱምን ከመበተኑ በፊት መሆኑ ነው። ካርቱም የምሄደው ታናሽ እህቴ ዘሐራ በምን እንደሞተች ለመጠየቅ ነበር። ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። አንባቢ «እስከዛሬ የት ነበርክ?» ቢለኝ ልክ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ልጄ ሐያት ናት። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ራሴን አመመኝ ስትል ደሴ ወሰድኳት። ግፊቷ ከፍ ብሎ፣ ኩላሊቶቿም ውሃ በቋጠሩ እብጠቶች ተሞልተው ተገኙ። ሐኪሙ ቀጥሎ እኔን አስተኝቶ አየኝ። እኔም ላይ አለ፤ በዘር የሚወርድ ነው አለኝ።

«እናትህ በምን ሞቱ?»

«ምች መቷቸው ነው» አልኩት። የባዮሎጂ አስተማሪ መሆኔን ነግሬው ስለነበር እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። እናቴ ልብስ አጥባ ስትመለስ «ራሴን!» ብላ ደጃፉ ላይ ወደቀች፤ የማውቀው ይህንኑ ነው።

«እህትህስ?»

«ካርቱም ነው የሞተችው። በምን እንደሆነ አላውቅም።»

ሐኪሙ አስረዳኝ። ይህ የኩላሊት በሽታ በአንዳንድ ቤተሰብ የጭንቅላትን ደም ሥር ያሳብጣል፤ ያበጠው ሥር ከፈነዳ ሰው በድንገት ይሞታል። የሐያት ጭንቅላት በማሽን መታየት ሊኖርበት ይችላል፤ ወረፋው ግን የወራት ነው። ከዘመድ አንዱ በዚያ መሞቱን የሚያሳይ የሕክምና ወረቀት ካመጣሁ ልጄ ትቀድማለች።

ከኮምቦልቻ እስከ ጎንደር

አውቶቡሱ ወልድያን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ሲያቀና ጭጋግ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና «ለሥራ ነው ጉዞው?» አሉኝ። «ለሥራ ነው» አልኳቸው። መዋሸት ለምዶብኛል፤ ስለ ዘሐራ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር «ወባ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት።

ለሰው ወባ አልን እንጂ እርስ በርሳችን የምንንሾካሾከው ሌላ ነበር። ዘሐራ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራለች። ከመሞቷ በፊት ባለው ዓመት ለአረፋ መጣች፤ ከስታ፣ ሆዷ ተነፍቶ፣ የበላችው አልረጋ ብሏት። አየኋትና በልቤ ፈረድኩ፤ ያ በሽታ ነው፣ ከዐረብ አገር ነው ያመጣችው አልኩ። በትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ ኃላፊው እኔ ነበርኩ። «በመብልና በመጠጥ ዕቃ አይተላለፍም» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ተማሪ አስጨብጭቤያለሁ። በዚያው ሳምንት ከሱቅ ሰማያዊ አበባ ያለበት ኩባያ ገዛሁና «ይኼ ያንቺ ነው» አልኳት። ሳቅ ብላ ተቀበለችኝ። ከጠጣች በኋላ ራሷ አጥባ ከሌሎቹ ለይታ ታስቀምጠው ነበር። ወደ ካርቱም ስትመለስ «ልውሰደው?» አለችኝ። ደስ አለኝ።

የሞተች ቀን ጓደኛዋ ሞሚና ደወለች። ስለ አንድ ወረቀት ልትነግረኝ ጀመረች፤ አላስጨረስኳትም። «እዚያው ይቅበሯት፣ ዕቃዋንም ለድኻ ስጪው፣ ምንም እንዳትልኪ» ብዬ ዘጋሁት። ሌላው ቢቀር እንዴት ሞተች ብሎ መጠየቅ ወግ ነበር። እኔ የጠየቅኩት ማን ሰማ የሚለውን ነው።

መተማ፣ ገላባት፣ ገዳሪፍ

ጎንደር አድሬ በማግስቱ ሸሂዲን አልፌ መተማ ገባሁ። ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣበቀው። ድንበሩ አንዲት አጭር ድልድይ ናት፤ በእግር ተሻገርኩ። ገላባት ላይ በአንድ ሳህን ፉል ሦስት ሆነን በላን። አንዱ የጎጃም ልጅ ነው፤ ገዳሪፍ የሰሊጥ አጨዳ ላይ ሠርቶ ካርቱም ሊገባ ያስባል። ከሁላችን ይልቅ የሚጠይቀውም የሚስቀውም እሱ ነበር። ሁለቱም እጃቸውን በአንድ ሳህን ሲሰዱ እኔ እጄን ሰበሰብኩ።

ከገዳሪፍ በኋላ ምድሩ ሜዳ ብቻ ነው። የማሽላ እርሻ አለፈ፣ ደግሞ የማሽላ እርሻ መጣ፤ ወልዬ ነኝና ዓይኔ ተራራ ፈልጎ ደከመው። ካርቱም የገባሁት በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

ጀሪፍ

ሞሚና የምትኖረው ጀሪፍ፣ ከሸክላ ጡብ ማቃጠያዎቹ ጀርባ ነው። አባይ ቅርብ ቢሆንም የሚሸተው ጭስ ነው። የሀርቡ ልጅ ናት፤ አርባን ያለፈች፣ ጉልበቷን እየያዘች የምትራመድ። ስታየኝ አልተቆጣችም።

«አህለን፣ ጋሼ ሰይድ። ደህና ገቡ? መንገዱ፣ ኬላው፣ ፖሊሱ አላስቸገርዎትም?» አለችና አንጥፋ አስቀመጠችኝ። ሻይ ቀድታ አቀበለችኝ። ኩባያው ላይ ሰማያዊ አበባ ነበር።

«የዘሐራ ነው» አለች። «ዕቃዋን እንዳሉኝ ሰደቃ ሰጠሁት። ወረቀቶቿም በሻንጣው ሄዱ። ይችን ግን እምቢ አልኩ። ‹ወንድሜ ገዝቶ የሰጠኝ› እያለች ለሴቶቹ ሁሉ ታሳይ ነበር፣ ዋላሂ።»

ሻዩን ጠጣሁት። ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ አላስታውስም። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፍቼ «ስኳሩ በዛ» አልኳት። በሕይወቴ እንዲያ ራሴን ንቄ አላውቅም።

የሐኪሙን ጥያቄ ሳነብላት አዳመጠችኝና «ቡሪ ሆስፒታል ነው የታከመችው። ነገ እንሄዳለን ኢንሻአላህ። ግን የዘሐራ ስም እዚያ ማፊ፣ የለም» አለችኝ።

«ማለት?»

«ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜው አልፎ ተቃጥሎ ነበራ። ባለ ወረቀቷ እኔ ነኝ። እዚህ ስንታመም በአንድ ካርድ ነው የምንታከመው፤ ሁላችንንም ሐበሻ ነው የሚሉን፣ ፊታችንን ማን ይለያል? በኔ ካርድ አስገባኋት። በኔ ስም ታከመች፣ በኔ ስም ሞተች። ከዚያ ወዲህ እኔ ሲያመኝ ሙስተሽፋ፣ ሐኪም ቤት የለ፤ የሞተ ሰው ምን ብሎ ካርድ ያወጣል?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ጉልበቷን በፋርማሲ ክኒን ስታስታምም ኖራለች። ያን ቀን ስልኩን ባልዘጋው ኖሮ ወረቀቱ በእጄ ነበር፤ እሷም በማግስቱ ለኔ ብላ መዝገብ ቤት ፊት ባልቆመች።

ቡሪ

ጠዋት በሃፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ ሄድን። ሞሚና ወራጅ ስትሆን ጣቷን አስጮኸች፤ አውቶቡሱ ቆመ። በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። የሚሉትን ሞሚና እየተረጎመችልኝ ነው። የሞሚናን ስም ሰምተው ወደ ውስጥ ገቡና አቧራ የለበሰ ቡናማ መዝገብ ይዘው ወጡ።

«የመዝገቡ ባለቤት ሞታለች። እናንተ ምኗ ናችሁ?»

ሞሚና ቦርሳዋን ከፍታ ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልከለክላት እጄን ዘረጋሁ፤ ዘግይቻለሁ። ሽማግሌው ካርዱን አዩ፣ መዝገቡን አዩ፣ እሷን አዩ።

«ሞቼ ነበር ያ ሐጅ» አለቻቸው። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ተሽሎኛል።»

አልሳቁም። ተነስተው በሩን ዘጉ። ፖሊስ መጥራት እንደሚገባቸው፣ እሷንም ከአገር እንደሚያስወጣት ነገሯት። ሞሚና ወደ እኔ ጠቆመች። «የሟቿ ወንድም ነው። ልጁ ታማበታለች።» ሽማግሌው እኔን ትኩር ብለው አዩኝና አንድ ነገር ጠየቁ። ሞሚና መተርጎም አልፈለገችም፤ ለመንኳት።

«እስካሁን የት ነበር ነው የሚሉት።»

አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው ወረቀቱን ገልብጠው ማኅተም መትተው ሰጡኝ። ካርዷን ሲመልሱላት «በዚህ ካርድ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ» አሏት።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ወረቀት ግቢው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ኩላሊቶቿ ሁለቱም ውሃ በቋጠሩ እብጠቶች ተሞልተዋል፤ በዘር የሚወረስ፤ የሞተችውም ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ ነው። ከሥር አንድ መስመር ነበረች፦ እህትና ወንድም ካሏት ይመርመሩ። ሞሚና በስልክ ልትነግረኝ የጀመረችው ያቺን መስመር ነው።

እናቴን ምች አልመታትም፤ ይሄው በሽታ ነው። ዘሐራም ያ የጠረጠርኩት በሽታ አልነበረባትም። ቢኖርባትስ? ኩባያው ያው ኩባያ ነበር።

መቃብሩ ከሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። የብረት ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የሞሚና ስም ነው። ላስቀይረው አልችልም፤ ብጠይቅ የምትጠየቀው እሷ ናት። «ምንም አይደል» አለችኝ። «ጁሙዓ ጁሙዓ እየመጣሁ ለራሴ ፋቲሃ እቀራለሁ።» እሷ ፈገግ አለች፤ እኔ ግን አለቀስኩ።

መልስ

ስነሳ ኩባያውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ገዳሪፍ ላይም መተማ ላይም ጭኔ ላይ ነበር። ፈታሹ ከፍቶ አይቶ «ይኼንን ነው ከካርቱም የምታመጣው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ኮምቦልቻ በገባሁ በማግስቱ ወረቀቱን ደሴ ወሰድኩት፤ ለምን በሌላ ሰው ስም እንደሆነ ሳስረዳው ሐኪሙ ተቀበለኝ። ሐያት ቀደመች፤ አዲስ አበባ ታየች። አንድ ትንሽ ያበጠ ሥር ተገኘባትና በጊዜ ታከመች። ወንድሞቼም ተራ በተራ ተመረመሩ። ያን ሁሉ ካደረግኩ በኋላም ዕንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ሞሚና ጋ ደወልኩ። ኩባያውን ለምን እንደገዛሁት አንድ ሳላስቀር ነገርኳት።

 «ታውቅ ነበር ጋሼ ሰይድ» አለችኝ።

«ማን?»

«ዘሐራ ናታ። የሰጧት ቀን ነው የገባት። ለኔ ብቻ ነግራኛለች። ለሌሎቹ ግን ‹ወንድሜ ገዛልኝ› ማለቱን መረጠች። ስምዎን በክፉ አላስነሳችም።»

«ታዲያ ለምን በሱ ሻይ ሰጠሽኝ?»

«ሌላ ኩባያ አጥቼ አይደለም። ያስታውሱ እንደሆን ልይ ብዬ ነው።»

«አየሽ?»

«አየሁ። ስኳሩን አማረሩ እንጂ ስኳር አልጨመርኩበትም ነበር።»

ሞሚና አሁን ሀርቡ ናት፤ ከጦርነቱ በሰላም ወጥታ ገብታለች። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም እሷ ናት። ኩባያው ቤታችን ከሌሎቹ ጋር ተደባልቋል፤ የደረሰው ይጠጣበታል። ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም። ሰው ዘሐራ በምን ሞተች ብሎ ሲጠይቀኝ በኩላሊት በሽታ፣ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈስሶ እላለሁ፤ ቀጥዬም እኔ ኩባያ ለይቼባት ነበር እላለሁ። አንዱን ያለ ሌላው አልናገርም።