ጨዋታ ያጣ መሪ

ከጠዋት ጸሎት ስመለስ፣ የሰፈራችን ጋራዥ በር ላይ መካኒኩ ተንበርክኮ የአንድ ሽማግሌ ጫማ ክር ሲያስር አየሁ። ግንባሩ ተቋጥሯል፤ እጆቹ ግን ክሩን ሁለት ጊዜ አዙረው በእርጋታ አሰሩት።

«አባባ፣ ይሄ ክር ፔዳሉ ላይ ቢጠላለፍስ? ቆይ እኔን ምን ሊያደርጉኝ ነው?» ይላል።

ሽማግሌው አማቱ ናቸው። እንዲህ ያለ ነገር በአጋጣሚ ያሳየኝን አምላክ በልቤ አመስግኜ ቆም አልኩ።

መካኒኩን የብስክሌቴን ጎማ ላስነፋ ስመላለስ አውቀዋለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ሙያውን መኪና ሥር ተኝቶ ነው የተማረው። እኔም የውጭ ቋንቋ ያጠናሁት ብቻዬን ከመዝገበ ቃላት ስለሆነ እንግባባለን። ፍሬኑን ራሱ ነድቶ ሳይሞክር መኪና አያስወጣም፤ ደንበኛ ቢቆጣም ቢለምንም ያው ነው። «ግትሩ» ይሉታል። ግትሩን የረታ ሰው ቢኖር እኚህ አማቱ ናቸው።

መኪናቸው ከመካኒኩ በዕድሜ ትበልጣለች። መሪዋ ሩብ ዙር ካልዞረ ጎማዋ አይሰማም ነበር፤ ፍሬኗም ሦስቴ ካልተረገጠ አይይዝም። መካኒኩ አራት ቀን ሙሉ ደክሞ የመሪውን ሳጥን ፈታ፣ ያለቀውን ቀየረ፣ የፍሬን ሸራዎቹን አደሰ፣ ትናንት አስረከበ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው መሪውን ቀደም ብለው ሲያዞሩ መኪናዋ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣች። ፍሬኑን እንደ ልማዳቸው ሲደበድቡት ደግሞ የባለቤታቸው ግንባር ከመስታወቱ ለጥቂት ተረፈ።

«ጨዋታ አሳጣሃት!» አሉ በምርኩዛቸው ጎማውን እየነካኩ። «ድሮ መሪዋ ጨዋታ ነበረው። እየተጫወትን ነበር የምንሄደው። አሁን ነካ ሲያደርጓት ትዘላለች!»

«አባባ፣ የመሪ ጨዋታ እኮ የወሬ ጨዋታ አይደለም! ብረት ሲያልቅ ነው መሪ የሚጫወተው።»

«አርባ ዓመት ነድቻታለሁ።»

«አርባ ዓመት የነዱት እሷን አይደለም፤ በሽታዋን ነው!»

«እንግዲያው በሽታዋን መልስልኝ። ለምጄዋለሁ።»

መካኒኩ ፎጣውን መሬት ላይ ወረወረ፤ ወዲያው አነሳውና አራገፈው።

«አንተ መሪውን እንደ ድሮው ካላላላህልኝ ማዶ ያለው ጋራዥ ያላላልኛል» አሉ ሽማግሌው። «ነገ ባለቤቴን እህቷ ዘንድ አደርሳለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ።»

ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩ ገደል የሆነ ረጅም ቁልቁለት ነው። መካኒኩ ክንዴን ይዞ ወደ ዘይት በርሜሎቹ ሳበኝ።

«ጨጓራዬን ላጡት እኮ! ሌላ ደንበኛ ቢሆን ቁልፉን ደብቄ እገላገል ነበር። የሚስቴን አባት ምን አደርጋቸዋለሁ? ማዶ ያለው ሰውዬ ደግሞ አላላ ካሉት ያላላል፣ ምን ገዶት!»

ቀድሞ ከመኪናዋ መሳቢያ ያወጣውን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዘይት የጠጣ የመመሪያ መጽሐፍ እጄ ላይ አኖረ። ሽማግሌው ቋንቋውን ባያውቁትም አርባ ዓመት አስቀምጠውታል።

«ጋሼ፣ አንተ ይሄን ታነባለህ። እኔን ባይሰሙኝ ሠሪዎቿን ይሰማሉ። መኪናዋ አዲስ ሳለች መሪዋ ስንት ጣት ያህል ይጫወት እንደነበር ፈልገህ አንብብላቸው። ከዚያ እባክህ ዛሬውኑ ባዶው ሜዳ ላይ አጠገባቸው ተቀምጠህ፣ እጃቸው አዲሱን እስኪለምድ አብረሃቸው ዙር። እኔ ከተቀመጥኩ እጮኻለሁ።»