አሚልካሬ ከአግዳሚው የተነሣ ዕለት

ኤርሲሊያን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቤታችን በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ ስታለቅስም ስትዘፍንም እሰማት ነበር። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ሞተችባት። አባቷ አሚልካሬ አይብ ሠሪ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ትልቁን የመዳብ ጋን እሳት ላይ ይጥዳል፤ ልጅቷን አጠገቡ ሣጥን ውስጥ ያስተኛታል። ወተት ተጥዶ ዓይኑን ከላዩ አንሥቶ አያውቅም። እያማሰለ የኦፔራ ዜማ ያንጎራጉራል፤ እሷም አፏን በቅጡ ሳትፈታ ዜማውን ያዘችው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ የምታጠናውን የኦፔራ ግጥም ፊቴ ዘርግታ።

“አክስቴ ዲርቼ፣ ይቺን አንብቢልኝ።”

“ልቤ ቆሰለ፣ ይላል።”

“ታዲያ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ነው እንዴ የሚባለው? እስቲ ቆስለሽ በይው!” ብላ ትስቅብኛለች።

ኋላ ሙዚቃ ልትማር ወደ ትልቅ ከተማ ሄደች። በጄኖቫ ዘፈነች፣ በትሪየስቴ ዘፈነች፣ ባሕር ተሻግራም ዘፈነች። በሄደችበት ሁሉ አበባ ወረወሩላት። በእኛ ከተማ ግን ብዙ ዓመት አልዘፈነችም። ፈርታን ነው።

ብትፈራም አይፈረድባትም። በቲያትር ቤታችን የላይኛው ሰገነት የሚቀመጠው ጋሪ ነጂው፣ ልብስ አጣቢዋ፣ ሥጋ ሻጩ ነው። ዳቦና ሳላሚ የምንለውን ደረቅ ቋሊማችንን ይዘን እንገባለን። ዜማውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ለሚሳሳት ዘፋኝ ምሕረት የለንም። ፈራጁ ደግሞ አሚልካሬ ነበር፤ እንደሱ ጆሮው የሰላ ሰው አልነበረንምና። ዘፈን መሃል ከአግዳሚው ከተነሣ ሰገነቱ በሙሉ ዘፋኙን ለማዋረድ ያፏጫል። እሱ ከተቀመጠ ማንም አያፏጭም። እኛ ያፏጨንባትን ዘፋኝ ደግሞ ሌላ ከተማ አይጠራትም።

አንድ ክረምት ድምፅዋ ሻክሮ ወደ ቤት መጣች። ሐኪሙ ጉሮሮዋ ውስጥ እብጠት አግኝቶ በቢላዋ መውጣት አለበት አላት። እሷ ግን በዚያው ክረምት በከተማችን ልትዘፍን ለቲያትር ቤቱ ሰዎች ቃል ሰጥታ ነበር። ሾርባ ይዤላቸው ስገባ አባትና ልጅ ተፋጠው ተቀምጠዋል።

“እምቢ በያቸው” አለ አሚልካሬ።

“ሐኪሙ ከቆረጠው በኋላ ድምፄ ይመለስ አይመለስ አያውቅም፣ አባባ። አሁን ካልዘፈንኩላችሁ መቼ ልዘፍንላችሁ ነው?”

“መድረክ ላይ ድምፅሽ ቢሰበርስ?”

“አንተ አለህ አይደል? ሱሪህን ከአግዳሚው በሙጫ አጣብቀህ ቁጭ በልልኝ” አለችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጉሙ ከተማውን ውጦታል። እኔ ከአሚልካሬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሥጋ ሻጩ ቱሊዮ ከኋላችን ሆኖ፣ “ዛሬስ ዳኛው የከሳሽ ወገን ነው የተከሳሽ?” ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

“አንተ ዝም ብለህ ሳላሚህን ዋጥ” አለው አሚልካሬ። እጆቹ ግን የአግዳሚውን ጠርዝ ጨምድደው ይዘው ነበር።

ጀመረች። መጀመሪያ ላይ እንዴት አማረባት! ቱሊዮ እንኳ ማኘኩን ትቶ ነበር። መጨረሻው አካባቢ ያ ሁላችንም የምንጠብቀው ከፍ ያለ ድምፅ መጣ። ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ ድምፅዋ እንደ ክር ብጥስ አለ። እጇን ወደ ጉሮሮዋ ሰደደች፤ መድረኩ ላይም ወደቀች።

አሚልካሬ ብድግ አለ። በልጅነቷ ከደረጃ ስትወድቅ ብድግ ይል እንደነበረው ነው የተነሣው። “ልጄን” ሲል እኔ ሰምቼዋለሁ። ሰውን እየገፋ ወደ ደረጃው ሮጠ።

ሰገነቱም አፏጨ።

“ኧረ ዝም በሉ! ወደ ልጁ እየሄደ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? ዞሬ ሳይ ቱሊዮ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። አሚልካሬ ተነሥቷል፤ አሚልካሬ ከተነሣ ይፏጫል። ሌላ አናውቅም።

የእኛ የሰገነቱ ደረጃ ደግሞ ወደ መድረኩ አያደርስም፤ በጎን በር በቀጥታ መንገድ ላይ ነው የሚጥለው። አሚልካሬ ጉሙ ውስጥ ወጣ። ዞሮ የዘፋኞቹን በር ቢደበድብ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ልጁ ኮቷን ደርባ ስትወጣ እዚያው ባዶ ራሱን ቆሞ ነበር።

“ወደ አንቺ ልመጣ ነበር” አላት።

“አውቃለሁ፣ አባባ። አይቼሃለሁ።”

አምናዋለች። ምን ዋጋ አለው፤ የሌሎቹ ከተሞች ቲያትሮች የሰሙት ፉጨቱን ነው። እብጠቱንም ሐኪሙ ቆርጦ አወጣው። ከዚያ ሁሉ ድምፅ የቀረላት ማንጎራጎር ብቻ ሆነ። ቱሊዮ በየሳምንቱ ጥሩ ጥሩውን ሥጋ እየመረጠ ያመጣላታል፤ እሷም አመስግና ትቀበለዋለች፤ ዓይን ለዓይን ግን አይተያዩም።

በዚህ ጸደይ፣ ኤርሲሊያ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስታንጎራጉር፣ ከእነሱ ወጥ ቤት የተቃጠለ ወተት ሸተተኝ። እየሮጥኩ ገባሁ። ወተቱ ገንፍሎ ምድጃው ላይ ይጨሳል። አሚልካሬ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ተቀምጧል፤ ወተቱን እያየ።

“አንተ ሰው፣ ምን ሆነሃል? አታወርደውም?”

“ዝም በይ ዲርቼ” አለኝ በሹክሹክታ። “ገና ዜማዋን አልጨረሰችም፤ እንዴት እነሣለሁ?”

ኤርሲሊያ ባዶ ቅርጫቷን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ሰምታው ነበር። ወተቱን አየች፣ ወንበሩን የጨመደዱትን የአባቷን እጆች አየች። ድስቱን አወረደች፤ ምድጃውን ወለወለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ልብስ ስታሰጣ ድምፅዋን ሰምቼ አላውቅም።