ያልዞረችው ሙሽራ

ባለፈው ጥቅምት አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ፣ ቴክሳስ፣ ዩለስ በምትባል ከተማ፣ ልጄ ቤት ሶፋው ላይ ተቀምጬ የአማቼን ሱሪ ታች እያጠፍኩ ነበር። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። የሚነጋገሩት ብዙም ስለማይገባኝ፣ እኔ ቴሌቪዥን የማየው እንደ ልብስ ሰፊነቴ ነው፤ ኮሌታ አያለሁ፣ እጅጌ አያለሁ፣ ትከሻው የተንሻፈፈ ኮት ሳይ አዝናለሁ። የዚያን ቀን የፍርድ ቤት ድራማ ነበር። አንዲት አሮጊት ዳኛ አንገቷን ቀና አድርጋ ጠበቃውን ቁልቁል ስታየው መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

«እቺን ሴትዮ አውቃታለሁ» አልኩ።

የልጅ ልጄ ሳሮን ከላፕቶፗ ላይ ቀና አለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ «እርስዎ» ብላ ትጀምርና «አንተ» ላይ ታርፋለች። እኔም አላርማትም።

«እርስዎ ታውቃታለህ? ሶ፣ ፍሬንድ ናችሁ?»

«ቬሎዋን ሰፍቻለሁ።»

ልጄ ከወጥ ቤት ሆና «አባዬ፣ ዛሬ መድኃኒትህን ወስደሃል?» አለችኝ።

ሳሮን ግን ፈልጋ አገኘቻት። ዶሪን ካስልዌይ ትባላለች። ያን ሁሉ ዘመን አውቄያት ስሟን በሙሉ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በሚቀጥለው ወር ፎርት ወርዝ ውስጥ አንድ አሮጌ ቲያትር ቤት የድሮ ፊልሟን ያሳያል፤ ራሷም መጥታ ትናገራለች ይላል። «ቲኬት ባይ ላድርግ?» አለችኝ ሳሮን። አድርጊ አልኳት። እስከዚያው የቬሎውን ነገር ለእሷ እንዳጫወትኳት ለእናንተም ላጫውታችሁ።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ መጋላ ሰፈር ልብስ ሰፊ የነበሩት ጋሽ ሐሰን፣ እና ታላቅ እህቴ አዜብ። እናታችን ከሞተች በኋላ እትዬ አዜብ ሙሸበክ እየጠበሰች፣ እሱኑ ሸጣ አሳደገችኝ። ያ ጣፋጭ ዛሬም ሲሸተኝ እጇ ይታየኛል፤ ዘይቱና ስኳሩ የማይለቀው ቀጭን እጅ።

እኔ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ እትዬ አዜብን አንድ የባቡር ጣቢያ ጸሐፊ ለትዳር ጠየቃት። ቤተሰቦቹ ከዚራ ሰፈር ነበር የሚኖሩት፣ ዛፉ መንገዱን በሚያለብስበት በኩል። ሰውየው ደግ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ብዙነሽም ክፉ አልነበሩም። ብቻ ሰርጉ ሲነሳ፣ «ቬሎውን ከአዲስ አበባ እናስመጣለን፣ የሚከራይ አለ። እናንተ ምን አስቸገራችሁ» አሉ። በደግነት የተባለ ነው። እትዬ አዜብ ግን እንግዶቹ እስኪወጡ ጠብቃ፣ መጥበሻዋን እየፈተገች እንዲህ አለች፦

«የስንት ሴት ላብ የነካውን ልብስ ለብሼ ከእናቴ ቤት አልወጣም። አንተ ትሰፋዋለህ።»

እኔ እስከዚያ ቀን ከፒጃማና ከተማሪ ዩኒፎርም ያለፈ ሰፍቼ አላውቅም። «እንደ ማን አድርጌ?» አልኳት።

«እንደ መቃዋ።»

መቃዋ ማለት ይህቺው ሴትዮ ናት። ያኔ የፈረንጆቹ ስም አፋችን ውስጥ አልቀመጥ ስለሚል፣ የሲኒማ ሰዎችን ባየነው ነገር ነበር የምንጠራቸው። አንዱ «ኮፍያው» ነው፣ ሌላው «አጫሹ»። እሷን ለአንገቷ «መቃዋ» አልናት። በዚያ ሳምንት ከዚራ ያለው ጣሪያ የለሽ ሲኒማ ቤት የእሷን ፊልም ያሳይ ነበር። ሙሽራ ናት፤ ሙሽራው በሰርጉ ቀን ለጦር ይጠራል። ቬሎዋን እንደለበሰች ደረጃውን ትወርዳለች፣ አንድም እንባ አይወርዳትም፣ ብቻ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቁንጥጥ ሲል ይታያል። ቋንቋ አያስፈልገውም ነበር። የጋሪ ነጂውም፣ ጫት ነጋዴውም አብሯት ትንፋሹን ይይዛል።

ጨርቁን የእህቴ ደንበኛ የሆነች የኮንትሮባንድ ነጋዴ ከጅቡቲ አመጣችልን። ነጭ ሳቲን ነው፣ ወገቧ ላይ ጠምጥማው በባቡር ገባች። እኔና እህቴ ጫፉን ይዘን ስንስበው እሷ ቤቱ መሃል እንደ እንዝርት እየተሽከረከረች ተፈታች። ነፍሰ ጡር ሆና ገብታ ቀጭን ሆና ወጣች።

ጋሽ ሐሰን ጉዳዩን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልብስ የሚሰፋው በዓይን ነው፤ እጅ ተላላኪ ነው። ሂድና እያት» አሉኝ።

ማታ ማታ እየሄድኩ አየኋት። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ የሚያሰምርባትን ስስ የሳሙና ቁራጭ ይዤ እገባለሁ። ጨለማ ስለሆነ ወረቀት አይታይም፤ ስለዚህ ጥቁር ሱሪዬ ላይ፣ ጭኔ ላይ እስላለሁ። ደረጃውን ስትወርድ አንገትጌውን፣ ስትቆም ወገቡን፣ እጇን ስታነሳ እጅጌውን። ጠዋት ሱሪዬን ለብሼ ሱቅ ስገባ ጋሽ ሐሰን ጭኔን አንብበው ይቆርጣሉ። አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ጀርባው። ሴትዮዋ በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜም ዞራ አታውቅም።

አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ ጋሪ ነጂ ነበር። «አቦ፣ ሱሪህ ላይ ምንድነው የምትጽፈው?» አለኝ።

«ለእህቴ ቬሎዋን ልሰፋላት ነው። ጀርባዋን ግን አታሳይም።»

«በዚህ ነው የተቸገርከው?» አለና እጁን አፉ ላይ አድርጎ ጮኸ፤ «መቃዋ! ዙሪ!»

ሰው ሳቀ። በማግስቱ ማታ ግን ወሬው ተዳርሶ ነበርና ደረጃው ጫፍ ላይ ብቅ ስትል ሲኒማ ቤቱ በሙሉ ተቀበላት፤ «ዙሪ! ዙሪ አቦ፣ ልጁ ይለካሽ!» እሷ የሰማች ይመስል ትንሽ ፈገግ አለችና እንደ ልማዷ ፊት ለፊት ወረደች።

መጨረሻው ላይ አንድ ቦታ አለ። ወደ ቤት ስትገባ አንድ ወታደር መጥቶ በእኛና በእሷ መሃል ይቆማል፤ ሰፊ ትከሻው ይሸፍናታል። እኔ ሁልጊዜ የምቀመጠው በግራ በኩል ስለነበር፣ በቀኝ ጥግ ብቀመጥ ከወታደሩ ኋላ ጀርባዋ ይታየኛል ብዬ አሰብኩ። አትሳቁብኝ። ሸራ ላይ ያለ ሰው በጎን እንደማይታይ ያኔ ማን ነግሮኝ። ጋሪ ነጂውም «ልክ ነህ፣ እንዴት አላሰብነውም» ብሎ በመጨረሻው ማታ የቀኙን ጥግ ቀድሞ ያዘልኝ።

የዚያን ማታ ዝናብ መጣ። ድሬ ላይ ዝናብ ሲመጣ አያንኳኳም። ሙሽራዋ ደረጃው መሃል ላይ እያለች ሸራው ረጠበ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰው ወንበሩን ራሱ ላይ ደፍቶ ሮጠ። ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ እያገሳ ከዚራንና ቤታችን ያለበትን መጋላን ለየ። በማግስቱ ፊልሙ በጠዋት ባቡር ሄደ፤ እኔ ደግሞ ግማሽ ቬሎ ይዤ ቀረሁ።

ጎርፉ ሲጎድል አሸዋውን እየረገጥኩ ቤት ገባሁ። እትዬ አዜብ ዱቄት እያቦካች ነበር።

«ጀርባውን አላየሁትም» አልኳት። «የምከተለው የለኝም። ኪራዩን እሺ በያቸው።»

እጇን ከሊጡ አላወጣችም። «እሷ ካልዞረች አንተ አዙራት» አለችኝ።

ተመልሼ ወጣሁ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ደቻቱ ዳር ቆምኩ። ውሃው የሄደበት አሸዋ ላይ ቀጫጭን ሞገድ ትቷል፤ መሃሉ ላይ ጠባብ ነው፣ ወደ ታች እየወረደ ይሰፋል። ቁጭ ብዬ ሱሪዬ ላይ ሳልኩት።

ፕሊሴውን፣ ድርድር እጥፋቱን ማለቴ ነው፣ በከሰል ካውያ አንድ በአንድ እያነጠፍኩ ያዝኩት፤ ከማጅራት ተነስቶ ወገብ ላይ ይሰበሰብና ከዚያ እንደ ውሃ ይለቀቃል። ቁልፎቹን በዚያው ሳቲን ሸፈንኳቸው። ጋሽ ሐሰን ዙሪያውን አዩት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ስገባ ለእኔም ከመቀመጫቸው ብድግ ይሉ ጀመር።

ሙሽራ ከቤቷ ስትወጣ የሚቀረው ሰው የሚያየው ጀርባዋን ነው። ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እትዬ አዜብ ከደጃፋችን ወደ መኪናው ስትሄድ ጎረቤቱ እልልታውን ጀምሮ መሃል ላይ ተወው፣ አያት፣ ከዚያ እንደገና ጀመረው። ዳሱ ውስጥ ወይዘሮ ብዙነሽ በጣታቸው ፕሊሴውን ዳሰሱና «ይሄንን ከየት ነው ያከራዩአችሁ?» አሏት።

«ወንድሜ ነው የሰፋው።»

«እንግዲያው ለልጆቼም እሱው ነው የሚሰፋው» አሉ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። እንጀራዬ እንዲህ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ መቃዋን ብዙ ጊዜ አየኋት። አንድ ሁለቴ ሸራ ላይ፣ ከዚያ ብዙ ዘመን ጠፍታ፣ ኋላ አዲስ አበባ በቴሌቪዥን እናት ሆና፣ አሁን እዚህ አያትም ዳኛም ሆና። እትዬ አዜብ ግን ስንገናኝ ሁሉ «ጀርባው እንደሷ ነው ወይስ አይደለም? ሳላውቅ ልሞት ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ ቢሆንም ውስጤ ይገባ ነበር። የሌላውን ሰው ልብስ ሁሉ ልክ ነው ብዬ አስረክቤያለሁ፤ የእህቴን ግን ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ፎርት ወርዝ የሄድነው ኅዳር ላይ ነው። ሳሮን መንጃ ፈቃድ ገና ማውጣቷ ስለነበር ሁለታችንም ፈርተናል። አውሮፕላኖቹ ሃይዌዩ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ በመንገዱ ዳር ባሉት አዳዲስ ቤቶች ሁሉ የሽያጭ ምልክት ተተክሏል። ቲያትር ቤቱ ፈንዲሻ ፈንዲሻ ይሸታል።

«አባባ፣ መሃል ጉድ ሲት አለን እኮ» አለች።

«የቀኙ ጥግ ይሻለኛል» አልኳት።

ደረጃውን ወረደች። ወታደሩ መጣ፣ ሸፈናት። በቀኝ በኩልም ሸፈናት። ብቻዬን ሳቅሁ።

መብራት ሲበራ ራሷ ወጣች። በዱላ ተደግፋ፣ ግራጫ ጃኬት ለብሳ፣ አንገቷን በምንም ሳትሸፍን። በዚያ ዕድሜ ያሉት ሻሽ ይጠመጥሙበታል፤ እሷ መጨማደዱን ቀና አድርጋ ይዛው ነበር። ሳሮን በጆሮዬ እየተረጎመች ነገረችኝ። እዚሁ ቴክሳስ የጥጥ ገበሬ ልጅ ናት። ከአርባ ዓመቷ በኋላ የሚጠራት ጠፋ፤ ትንንሽ ከተማ እየዞረች ልጆች ቲያትር አስተማረች። ቴሌቪዥን መልሶ ሲጠራት የሰጧት የአንዲት ጎረቤት ቦታ ነው፣ በር ከፍታ ስኳር የምትበደር። «ያንን በር እንደ ቤተ መንግሥት በር ከፈትኩት» አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሥራ የሚያከብር ሰው የትም አገር ይታወቃል።

ጥያቄ ሲጀመር ሳሮን እጇን አወጣች። ድሬዳዋን፣ ቬሎውን፣ «ዙሪ» የሚለውን ጩኸት ሁሉ በእንግሊዝኛዋ አወራች። ሴትዮዋ አንገቷን ይዛ ሳቀች፣ ብዙ ሳቀች። ስትመልስ ሳሮን አፏን ያዘች።

«አባባ፣ ጀርባ የለውም ትላለች። ማለቴ… ልብሱ የእሷ አይደለም። የሌላ፣ ወፍራም አክትረስ ልብስ ነው። ሰፋት። ታይም የለም። ሶ፣ ከአንገት እስከ ወገብ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። 'ምንም ቢመጣ እንዳትዞሪ' አሏት። መቆንጠጫው ቆዳዋንም ይዟል። ሰው ሁሉ ሐዘን የሚለው ፊት፣ ግማሹ መቆንጠጫው ነው ትላለች።»

ሴትዮዋ ደግሞ ጠየቀችኝ፦ ታዲያ አንተ ጀርባውን ምን አደረግኸው?

ሳሮን ለፕሊሴው ቃል አጣች። እኔ ተነስቼ ወደ መድረኩ ሄድኩ። የሳሙና ቁራጭ ዛሬም ከኪሴ አይጠፋም። ጭኔ ላይ ሳልኩላት፤ ማጅራቱን፣ ወገቡን፣ የአሸዋውን ሞገድ። ዱላዋን ይዛ መድረኩ ጫፍ ድረስ መጣች፣ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ዱላዋን እየተከለች፣ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትንሽ ናት። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ ይላል፤ ጃኬቱን የሰፋው ሰው አላየላትም። እንደዞረች የሆነ ነገር ተናገረች።

«ቆየሁብህ፣ ግን ዞርኩልህ ትላለች» አለችኝ ሳሮን።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ በያት» አልኳት።

ቤት ስንገባ ድሬዳዋ ነግቷል። ሳሮን ደወለችልኝ። እትዬ አዜብ ደጃፏን እየጠረገች ነበር፤ የመጥረጊያው ድምፅ ይሰማል። ሁሉንም ነገርኳት፣ መቆንጠጫውን፣ ልብሱ የሌላ ሴት መሆኑን። መጥረጊያው ቆመ።

«ምስኪን» አለች። «ያኔ ባውቅ የኔን አውሳት ነበር።»

ሱሪውን ልጄ በማግስቱ አጠበችው። ሳሙና አይደል፣ ለቀቀ። እሁድ እሁድ ግን ዳኛዋ ስትመጣ ሥራዬን ከጉልበቴ ላይ አነሳለሁ። ካሜራው አሁንም ከፊት ለፊቷ ነው የሚቆመው። አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ ጠበቃውን ቁልቁል ታየዋለች፣ እኔም በዓይኔ ወደ ኋላዋ ዞሬ ያቺን ዝቅ ያለች ቀኝ ትከሻ አስተካክልላታለሁ።