ስፖኪዮ ላይ የተገጠመች ብርቱካናማ መብራት

ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ይለዋል። ቅጽል ስሙ ከሥራው ይምጣ ከቅጥነቱ ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ሲጠግን ለጌጥ መብራት በሩ ዝግ ነበር። ስፖኪዮው ላይ ሰማያዊ ኤልኢዲ እንዲገጠምለት የመጣ ሁሉ፣ «ወንድሜ፣ የሠርግ ድንኳን የሚያበሩት ሌላ ጋ ናቸው» ተብሎ ይሸኛል።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ታላቅ እህቱ የሚኒባሷን ባትሪ ልታሳየው መጣች። እናታቸው ካረፉ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የተማሪዎች ሰርቪስ ስትነዳ ደግሞ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ሞተሩን ሳታጠፋ ወረደች።

«እታለም፣ ፍሬቻሽን አላጠፋሽውም።»

እሷ የሞተሩን ክዳን ልትከፍት ጎንበስ አለች።

«እታለም! የግራ ፍሬቻሽ!»

ዞር ብላ ፍሬቻውን ስታየው ፊቷ ልውጥ አለ። «ከትምህርት ቤቱ በር ጀምሮ መሆን አለበት» አለች ቀስ ብላ። ትምህርት ቤቱ ከጋራዡ ሰባት ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሽቦ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ከጠረጠረ ቆይቷል፤ እሷን የመሰለች ሰው «አትሰሚም» ለማለት ግን አንደበቱ እሺ አላለውም ነበር።

«ፍሬቻው ጣቅ ጣቅ ሲል አይሰማሽም፣ አይደል?»

«ማነው የማይሰማው? ጤነኛ ነህ?» ብላ ቱግ አለች። ወዲያው ግን አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። «ዓመት አለፈኝ። ክላክስ እሰማለሁ፣ ልጆቹ ሲጣሉ እሰማለሁ፤ ያቺ ድምፅ ብቻ ጠፋችብኝ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ምልክትም ፀሐይ ሲያርፍባት አትታይም። ባለፈው ዓርብ አንድ ሞተረኛ ፍሬቻዬን አምኖ፣ ትታጠፋለች ብሎ ፊቴ ገባ። ለጥቂት ነው የተረፈው። ብናገር ሥራዬን አጣለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ አንድ ቀን…»

ሽቦ እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን ስጪኝ። ሐኪም ሳያይሽ መሪ አትነኪም።»

ትቆጣለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ቁልፉን መዳፉ ላይ አድርጋ በረጅሙ ተነፈሰች።

ረቡዕ ጠዋት ሐኪሙ ጆሮዋን መርምሮ፣ ከዕድሜ ጋር ቀጫጭን ድምፆች ያመልጧት ጀመር እንጂ ከመንዳት የሚከለክላት ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ይህንኑም በወረቀት ጻፈላት። ወረቀቱን ራሷ ለሰርቪስ ኃላፊዋ ወስዳ ሁሉንም ዘረገፈችው። ኃላፊዋ፣ «እስከዛሬ ለምን ደበቅሽኝ?» ብላ ተቆጣች፤ ሲበርድላት ግን መኪናው መላ ተበጅቶለት የዓርቡን ዓመታዊ ምርመራ ካለፈ ሰኞ ሥራዋን እንድትቀጥል ፈቀደች።

መላው ሽቦ ዘንድ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲያባርረው የኖረውን ኤልኢዲ ራሱ ሄዶ ገዛ፤ ብርቱካናማ፣ ጥፍር የምታህል፣ አንድ ለግራ አንድ ለቀኝ። ከጎረቤት የሴቶች ጸጉር ቤት ማድረቂያ ተውሶ የስፖኪዮውን መስታወት እያሞቀ ሲነቅል ሦስቴ ቆም ብሎ አየው። መቶ ጊዜ የሠራው ሥራ ነው፤ የእህቱ ሲሆን ግን መስታወቱ የሚሰነጠቅ፣ ምርመራውም የሚያመልጥ መሰለው። ደግነቱ ሳይሰበር ወጣ። እያንዳንዷን መብራት ከሹፌሩ በቀር ማንም በማያያት በውስጠኛው ጠርዝ ላይ ተከላት፤ ቀጭኗን ሽቦ በበሩ ጎማ ውስጥ አሳልፎ ከፍሬቻው ጋር አገናኛት።

እህቱ ገብታ ቀኝ ስታሳይ የግራው በራ።

«አንተ! ግራና ቀኝህን አሁንም አልለየህም?» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካያት ወራት አልፈዋል። እያጉረመረመ አስተካከለው።

ዓርብ መርማሪው ፊቱን ቋጥሮ መብራቷን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋት። «ይሄ ደግሞ ምን ጌጥ ነው?»

ሽቦ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እህቱ ቀደመችው። «ጌጥ አይደለም ጌታዬ። የፍሬቻው ድምፅ አይሰማኝም፤ በዚህ ነው የማየው።» የሐኪሙን ወረቀት ሰጠችው።

መርማሪው አነበበ፤ ፍሬቻውን አስበርቶ ከፊትም ከኋላም ዞሮ አየ፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ራሱ ሞከረው። 

«ከውጭ አይታይም፣ ማንንም አያደናግርም። አልፏል» አለ። ሲወርድ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣ «ለኔም ትገጥምልኛለህ? እኔም ስረሳው ባለቤቴ መንገዱን ሙሉ ትጨቀጭቀኛለች» አለው።

ከግቢው ሲወጡ እህቱ ቀኝ አሳየች፣ ታጠፈች፤ መብራቷ አሁንም ብልጭ ድርግም ስትል አይታ አጠፋቻት። ጥቂት ሄደው መኪናውን ዳር አስይዛ ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ሽቦ ደንግጦ ትከሻዋን ያዛት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ቀለለኝ» አለች።

ሰኞ የመጀመሪያውን ዙር ጨርሳ ደወለችለት። «እታለም! እንዴት ነበር? ደህና ደረስሽ?» ብሎ ጋራዡን አናጋው።

«ምን ያስጮህሃል? ደንቆሮ ነች አሉህ እንዴ?» አለችው፤ ከጀርባዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማ ነበር።