የአክስቴ ወረንጦ

አክስቴ ከአንገታቸው የማይለዩዋቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ማተባቸውና ወረንጧቸው። ቤታቸው ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድ ከሚኒባስ ወርዶ ጥቂት በእግር ያስኬዳል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሰፈሩ ሴቶች ደጃቸው ላይ ይሰበሰባሉ። አንዷ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ ታሳርፋለች፤ አክስቴም የዓይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት ይነቅሉላታል። ተራ የሚጠብቁት ማን እንደታጨች፣ የማን ላም እንደወለደች ያወራሉ። በሥራዬ ብዙ ስብሰባና መግለጫ ተከታትያለሁ፤ የዚያን ደጅ ያህል ወሬ ያገኘሁበት ቦታ ግን የለም።

በሽታው ትራኮማ ነው። በዝንብ፣ በእጅና ፊት በሚጠረግበት ጨርቅ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከልጅነት ጀምሮ ሲመላለስ የዓይንን ቆብ ከውስጥ ያቆስለዋል፤ ጠባሳው ቆቡን ሲጎትተው ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን ይፍቃል። መንቀል ለጥቂት ቀን ያሳርፋል እንጂ ፀጉሩ ተመልሶ ይበቅላል። የአክስቴን የምትነቅልላቸው የቅርብ ጎረቤታቸው ነበረች። ግራ ዓይናቸው ደመና ከለበሰ ቆይቷል። ቀኙም ከሄደ ፈትሉም፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙም በሰው እጅ ሊሆን ነው።

በጤና ጣቢያው የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና ሲጀመር ለዘገባ ሄድኩና ስመለስ አክስቴ ዘንድ ጎራ አልኩ። የሚደነዝዘው ቆቡ ብቻ እንደሆነ፣ በዚያው ቀን ወደ ቤት እንደሚመለሱ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰምተው ከአጨዳ በኋላ አሉኝ። አጨዳው ሲያልፍ ከጾሙ በኋላ አሉ። እውነተኛው ምክንያት ቆይቶ ወጣ።

«እኔ ተኝቼ እነዚህን ማን ይነቅልላቸዋል?»

እነዚህ የተባሉት ግን እርሳቸውን አልጠበቁም። በየተራ ጤና ጣቢያ እየሄዱ ታከሙ፤ ጎረቤታቸውም ሄደች። አንድ እሑድ ስደርስ አጎዛው እንደወትሮው ተነጥፎ የመጣችው እርሷ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ለወሬ። አክስቴ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አሳርፈው ወረንጦውን አቀበሏት። ዓይናቸውን አየችና ወረንጦውን መለሰችላቸው።

«አልነቅልም።»

«ምን ሆነሽ?»

«ምንም አልሆንኩ። እኔ ድኜ እርስዎን በየሳምንቱ ላሰቃይ? ነገ አብረን እንሄዳለን።»

«አንቺ፣ ከተሰፋሽ ወዲህ ኮርተሻል።»

«አዎ ኮርቻለሁ። እርስዎም ይሰፉና አብረን እንኮራለን።»

አክስቴ ወረንጦውን ወደ እኔ ዘረጉ። ጋዜጠኛ ጣልቃ አይገባም አልኳቸው።

«ለወሬው ሲሆን ግን ትገባለህ» አሉና ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። ባለሙያው ቀዶ ሕክምናው የጠፋ ብርሃን እንደማይመልስ፣ የቀረውን ግን ከሽፋሽፍቱ እንደሚያድን ነገረኝ። አክስቴ ዓይናቸው ታሽጎ ሲወጡ ሕመሙን አላነሡም። ያማረሩት ሌላ ነገር ነበር። ሰውየው እጁ እንደ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ሥራውን ጀምሮ እስኪጨርስ አንዲት ወሬ አላወራም። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ሰው ዓይን መንካት አልነበረበትም አሉ። ጎረቤታቸው እስከ ቤት ድረስ እየመራች ያንን የጎደለውን ወሬ ሁሉ አካካሰችላቸው።

ከወራት በኋላ ስሄድ ደጁ እንደገና ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው መጥተዋል፤ ጭን ላይ የተጋደመ ግን የለም። አክስቴ ቀኝ ዓይናቸው እንባ ሳያቀርር ይፈትላሉ። ገና ከበሩ ስገባ እንዝርታቸውን አስቀምጠው አተኩረው አዩኝ።

«ቀረብ በል እስቲ። ይህ ሁሉ ሽበት መቼ ወጣ?»

ከወጣ ሰነበተ፣ እርስዎ ነዎት ያላዩት ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄዷል። ጎረቤታቸው ሳቋ አመለጣት። ሥራ የፈታው ወረንጦ ወጣ፤ እኔም ከመከራከር ይልቅ ጭንቅላቴን ጭናቸው ላይ አሳረፍኩ። ወሬው ካቆመበት ቀጠለ።